ሞጣ ላይ ግንዱን ስትዘል

ከግንዱ በስተቀኝ፣ ከዋርካው ሥር፣ የሞጣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ስምንት ያህል ይሆናሉ፤ ከፊት ያሉት በፕላስቲክ ወንበር፣ ከኋላ ያሉት በአግዳሚ ላይ። ከሁሉም ቀደም ብለው፣ ለግንዱ በጣም የቀረቡት፣ ነጭ ጭራ የያዙ ቀጭን ሰው ነበሩ። ከግንዱ በስተግራ፣ መንገዱን ከሚከልለው ገመድ ወዲህ፣ እኔ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ዘንቢሏን እግሯ ሥር ያስቀመጠች ቆሎ ሻጭ አለች። ዳኛው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከግንዱ አለፍ ብሎ፣ የታረሰው ማሳ የሚጀምርበት ላይ ቆሟል። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተሰቅለዋል። የቀረው የከተማው ሕዝብ ከመነሻው እስከ ቦዩ ድረስ በገመዱ ዳር ተደርድሯል። የልጅ ልጄ ቀይ ካናቴራ ለብሳ መነሻው መስመር ላይ ናት። የሞጣዋ ልጅ ሰማያዊ ለብሳ ከጎኗ ቆማለች። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከእነሱ ኋላ ነበሩ።

ጨዋታውን ያላየ ሰው ይኖራልና ላስረዳ። የብስክሌት ውድድር ነው፤ ግን በአስፋልት ላይ አይደለም። በስሙ ሳይክሎክሮስ ይሉታል፤ የቢቸና ሰው የጭቃ ውድድር ይለዋል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይጠነክር በሣር፣ በቦይና በታረሰ ማሳ የሚያልፍ አጭር ዙር ይቀየሳል። ተወዳዳሪዎቹ ያንኑ ዙር ስድስት ጊዜ ይዞራሉ። መንዳት በማይቻልበት ቦታ ይወርዱና ብስክሌቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ሆን ተብሎ እንዲወርዱ የሚደረግበት ቦታም አለ። ያን ቀን ይህ ቦታ ከዋርካው ፊት ለፊት በአግድም የተጋደመ፣ ልጣጩ የተላጠ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል። ወርዶ፣ ብስክሌቱን አንሥቶ፣ ተሻግሮ፣ መልሶ መውጣት ነው። የደፈረ ሳይወርድ ሊዘለው ይችላል። ከሳተው ግን ጥርሱን ይዞ መሄዱ አጠራጣሪ ነው።

ከምሥራቅ ጎጃም ለክልሉ ውድድር የምትላከው ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ያን ቀን አንደኛ የወጣችው። የልጅ ልጄ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቴም ሁለተኛ ወጥታለች። ዕድሜዋ ከወጣቶች ምድብ የሚያልፍበት ዓመት ስለነበር ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። መንገድ ላይ ግን አንዳችንም አላነሣነውም።

እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ቢቸና አንድ ዳቦ ቤት ተቀጥራ በብስክሌት ለየሱቁ ዳቦ ታደርስ ነበር። ከመንገዱ ዳር ያለው የውኃ መውረጃ ክዳኑ የተነሣ ስለሆነ ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመሻገር ሁሉም ሰው ድልድይ ድልድዩን ይዞራል። እሷ መዞር ሰለቻት መሰለኝ፣ መዝለል ጀመረች። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቆይቶ ዳቦውን ከኋላዋ ጭና። እኔም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስለማያት እንዴት እንደሚሆን ለመድኩት። ቁጢጥ ትላለች፤ መሪውን በሁለት እጇ ወደ ደረቷ ትስባለች፤ የፊቱ ጎማ ሲነሣ የኋላውን በእግሮቿ ታስከትላለች። ሁለቱም እጅ መሪው ላይ መሆን አለበት። ከዘለለች በኋላ ግን ሁለቱንም እጇን ለቃ ለባለሱቁ ታጨበጭባለች። ባለሱቁ እንዲያጨብጭብላት መጠበቅ አይሆንላትም።

ያን ቀን በጠዋት ከቢቸና በሚኒባስ ነው የተነሣነው። ብስክሌቷን ጣሪያ ላይ አሰረችው። ጉንደ ወይን ስንደርስ መኪናው ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ ልታይ ጣሪያ ላይ ወጣች። ረዳቱ ከታች ሆኖ፣

"ይቺ ብስክሌት ትኬት ቆርጣለች?" አላት።

"ትኬቱማ የሷ ነው፤ እኔ ነኝ የተጫንኩት" አለችው።

ሞጣ እንደደረስን ዙሩን በእግር ሄደን አየነው። ግንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

"እዚህ ትወርጃለሽ" አልኳት።

"እሺ እምዬ።"

እሺታዋን ስለማውቀው ደግሜ ጠየቅኋት። "ምን አልሽኝ?"

"እሺ አልኩሽ እኮ። ከዘለልኩ በኋላ እወርዳለሁ።"

ከዚያ በኋላ ቦታዬን ግንዱ አጠገብ ያዝኩ። ከሽማግሌዎቹ የሚለየን ብስክሌቶቹ የሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ብቻ ስለነበር ሳንጮህ መነጋገር እንችላለን። ፊሽካው ተነፋ።

መጀመሪያ የሰማሁት የብስክሌቶቹን ካቴና ድምፅ ነው፤ ከዚያ ከመንገዱ ጥምዝምዝ ወዲያ ተወዳዳሪዎቹ አንድ ላይ ብቅ አሉ። ፊታቸው ገና ንጹሕ ነበር። ከፊት የመጡት ሦስቱ ግንዱ ጋ ሲደርሱ ወረዱ፣ አነሡ፣ ተሻገሩ። የሞጣዋ ልጅ አወራረድ ያምራል። ብስክሌቱ ሳይቆም አንድ እግሯን በሌላው አሳልፋ ትወርዳለች፤ መሬት ስትረግጥ እየሮጠች ነው። ሽማግሌዎቹ ለእያንዳንዷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይባርክሽ፣ እደጊ" ይላሉ። አራተኛዋ የልጅ ልጄ ነበረች። ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ቆሎ ሻጯ ክንዴን ያዘችኝ።

ግንዱን ሳትነካው አለፈች። ወዲያ ማዶ ስታርፍ ጭቃው ተፈናጥሮ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ነካ። አጥሩ ላይ ያሉት ተማሪዎች አበዱ።

"አለፈች?" አለችኝ ቆሎ ሻጯ። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

"አለፈች።"

"በየት በኩል?"

"በላዩ።"

ሰው ዝላዩን ያያል፤ እኔ ግን ማረፉን ነው የምጠብቀው። ሦስቱ ወርደው ሲወጡ የጠፋባቸውን ጊዜ እሷ በአንድ ዝላይ ወሰደችው። ማሳው ውስጥ ስትገባ አንደኛ ነበረች። ጃንጥላዬን አጥብቄ ያዝኩ።

ጭራ የያዙት ሽማግሌ ከጋቢያቸው ላይ ጭቃውን በጣታቸው እየጠረጉ፣

"ይቺ የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"ቀዩ የቢቸና ነው" አላቸው ከኋላቸው የተቀመጠው።

"ታዲያ ቢቸና ለሽማግሌ መውረድ ቀረ?"

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። አዘጋጆቹ ከሳምንት በፊት መጥተው፣ ዋርካው ሥር የሚሸመግሉትን ሰዎች አክብረው ፈቃድ ጠይቀዋል። ግንዱ በእናንተ ፊት ይጋደማል፣ ልጆቹም እዚህ ሲደርሱ ይወርዳሉ ብለው ነገሯቸው። ሽማግሌዎቹ ይህን የሰሙት እንደ ክብር ነው። በበቅሎ ይሁን በብስክሌት የሚሄድ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲደርስ መውረዱ የነበረ ነው፤ የዛሬ ልጅ ስለረሳው ግንድ አጋድመው ያስታውሱታል ብለው ተቀበሉት። ለዚህም ነው የታጠበ ጋቢ ለብሰው የመጡት። እያንዳንዷ ልጅ ስትወርድ የሚመርቋት ለእነሱ የወረደች መስሏቸው ነው።

ቆሎ ሻጯ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። "አያቷ እኚህ ናቸው።"

"እሜቴ፣ የእርስዎ ናት?" አሉኝ ሽማግሌው።

"የእኔ ናት።"

"ሌሎቹ ሲወርዱ አይተዋል?"

"አይቻለሁ።"

"እሷ ለምን አልወረደችም?"

"ቸኩላ ይሆናል" አልኳቸው።

ቆሎ ሻጯ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው እኔን ትተው ወደ ጥምዝምዙ አፈጠጡ።

በሁለተኛው ዙር ብቻዋን ነበር የመጣችው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ጭራቸውን አወዛወዙ። "ውረጂ እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አሏት። ሰምታለች። ቁጢጥ ብላ ዘለለችና ማዶ እንዳረፈች፣

"ስመለስ፣ አባባ" ብላቸው ማሳው ውስጥ ገባች።

አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው ዳኛውን ጠሩት። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ወጣት ነው፤ እየሮጠ መጣ።

"አባቶች፣ ሕጉ ይፈቅድላታል" አላቸው።

"የምኑ ሕግ?"

"የብስክሌቱ።"

"የእኛስ?"

"የእናንተን ገና አልተማርኩትም አባቴ። ከወላይታ ነኝ።"

"ወላይታ ሽማግሌ የለም?"

"አለ። ከብስክሌት ግን ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሊስቅ ሲል ጎረቤቱ በክርኑ ነካው። ዳኛው ወደ ቦታው ተመለሰ።

የልጅ ልጄ ቀልድ ውስጥ ከገባች መውጣት አትወድም። ሦስተኛውን ዙር ስትመጣ ጥርሷ ብቻ ነበር ንጹሕ የቀረው። ግንዱ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ መሪውን ሳበች፤ አየር ላይ ሆና ግን አንገቷን ወደ ዋርካው ሰበር አድርጋ እጅ ነሣች። ልክ በር ላይ እንደቆመች ምራት። እጆቿ መሪው ላይ ነበሩ፤ አንገቷ ብቻ ነው የዞረው። አርፋ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ኖር" አሉ፤ ስምንቱም። ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ኖር ማለት ከልጅነት ጀምሮ ስለሚለመድ አእምሮ አይጠይቅም፤ ጉልበት በራሱ ይነሣል። እሷ ግን ሲነሡ ማሳው መካከል ደርሳ ነበር። ለባዶ መንገድ ተነሥተው ቀስ እያሉ ተቀመጡ።

"አየር ላይ ሆና እጅ ነሣችኝ" አሉ ባለጭራው።

"አንተን ነው? እኔን እያየች ነበር" አሏቸው ጎረቤታቸው።

"ዓይንህ በምን አይቶ?"

ከዚያ በኋላ ዋርካው ሥር ያሉት ሰዎች ለቢቸና ሆኑ። የራሳቸው ከተማ ልጅ ወርዳ ስትሻገር ባለጭራው "እሺ፣ እሺ፣ እለፊ" አሉና ወደ ጥምዝምዙ አንገታቸውን አሰገጉ። ቆሎ ሻጯ ይህን ስታይ ተናደደች።

"ሰማያዊዋ እኮ የእኛ ናት አባባ" አለቻቸው።

"እሷን በየቀኑ እናያታለን" አሉ።

ሰማያዊዋን ግን ልብ ብሎ ማየት ይገባ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አታደርግም። ወርዳ፣ አንሥታ፣ ተሻግራ፣ ወጥታ ትሄዳለች፤ ሁልጊዜ በዚያው እግሯ፣ በዚያው ቦታ። ጭቃው ጎማዋን ሲጠቀጥቀው በጣቷ ጠርጋ ትቀጥላለች። ወደ ሰውም አታይም። የእኔ ልጅ በዝላይ ያተረፈችውን ሣሩ ላይ ታባክነው ነበር። ተማሪዎቹ ያሉበት አጥር ጋ ስትደርስ ሁለቱንም እጇን ለቃ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ነው የምታልፈው። የሞጣ ተማሪዎች ለቢቸና ልጅ ሲያጨበጭቡ እጃቸው ሊላጥ ደርሶ ነበር። በዚያ መሐል ሰማያዊዋ ትቀርባለች።

በአራተኛው ዙር ካፊያ መጣል ጀመረ። የተላጠው ግንድ መብረቅረቅ ያዘ። መሬቱ መረሬ ነው፤ ውኃ ሲነካው ጎማውን አንቆ ይይዛል። አብዛኞቹ ልጆች ሣሩ ላይ እንኳ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይሄዱ ነበር። እሷ አሁንም ዘለለች፤ አሁንም እጅ ነሣች። ሽማግሌዎቹ አሁንም ካለፈች በኋላ ተነሡ።

በአምስተኛው ዙር አጠገቤ ልትደርስ ስትል አንዴ ብቻ ተናገርኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

"ወደ ኋላ እዪ" አልኳት።

"አየኋት እምዬ" አለች። ዘለለች። የፊቱን ጎማ ግንዱ አልነካውም፤ የኋላው ግን ሲላተም ሰማሁት። ተንገዳግዳ ቀጥ አለች። ሕዝቡ የጮኸው ከቀድሞው ይበልጥ ነበር። ሰማያዊዋ ወርዳ ስትሻገር እሷ ገና ማሳው ዳር ነበረች። ይዛው የነበረው ርቀት አልቋል።

የትምህርት ቤቱ ደወል ተመታ፤ የመጨረሻው ዙር ማለት ነው። ሁሉም ሰው ገመዱን እየገፋ ወደ መንገዱ ገባ፤ ዳኛው ፊሽካውን እየነፋ መለሳቸው። ከዚያ ሁለቱ ከቦዩ ሲወጡ ከሩቅ አየናቸው። ቀዩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ነበሩ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ልጄ እጇን አልለቀቀችም። ትከሻዋንም አላንቀጠቀጠችም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። እንዲህ ስትነዳ አይቻት አላውቅም። ከጥምዝምዙ ስትወጣ አንድ ብስክሌት ያህል ቀድማለች።

አሁን መዝለል ብቻ ነው የቀራት። ሌላዋ ትወርዳለች፤ እሷ ትዘላለች፤ ማሳው ላይ ሰፊ ርቀት ይዛ ትገባለች። ሁላችንም ይህን አይተናል። ቆሎ ሻጯ እንኳ ለየትኛዋ እንደምትሆን ግራ ገብቷት አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

ባለጭራው ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። ሁለት ጊዜ ካለፈች በኋላ ተነሥተውላታል፤ አሁን እንዳይቀድማቸው ፈለጉ። "ተነሡ፣ ቶሎ ተነሡ፣ መጣች" አሉ። ስምንቱም በአንድ ጊዜ ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ባለዱላው በዱላው ተደግፎ፣ ከአግዳሚው ላይ መነሣት የከበዳቸውን ከጎን ያሉት ደግፈው፣ ገና ግንዱ ጋ ሳትደርስ፣

"ኖር" አሏት።

ሰው ካለፈ በኋላ የተነሣ የራሱ ጉዳይ ነው። ሳይደርሱ የተነሣን ሽማግሌ ግን አለማስቀመጥ አይቻልም። እኔ ያሳደግኳት ስለሆነች አውቃለሁ። ስትጫወት ትጫወታለች፤ ይህ ግን ጨዋታ አልነበረም፤ አላሰበችበትም። ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሣ። መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ፣ "በእግዜር፣ ይቀመጡ" አለች። ቃሉን በደንብ ሰምቻለሁ። መሪውን በአንድ እጅ ሳበችው።

የፊቱ ጎማ ግንዱን መታው። ብስክሌቱ እዚያው ቀረ፤ እሷ ግንዱን ተሻግራ በደረቷ ወደቀች።

ሰማያዊዋ ደርሳ ወረደች፣ አነሣች፣ በወደቀው ብስክሌትና በወደቀችው ልጅ መካከል ቦታ መርጣ ተሻገረች፣ ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ማሳው ውስጥ ገባች። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ባለጭራው እጃቸውን ወደ ልጄ ዘርግተው አንድ እግራቸውን ወደ መንገዱ ሲያስገቡ ዳኛው ከማዶ፣

"አትንኳት አባቴ፣ ከነኳት ትሰረዛለች" ብሎ ጮኸ።

እግራቸውን መለሱ።

እሷ ተነሣች። ከከንፈሯ ደም ይወርዳል። ወደ ብስክሌቷ ተመለሰች፤ መሪው ወደ ጎን ተጣሟል። የፊቱን ጎማ በጉልበቶቿ መካከል ቀርቅራ መሪውን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው፤ ሙሉ በሙሉ አልተቃናም። ከዚያ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችውና ሮጠች።

ሮጥኩ ብዬ መናገር በዕድሜዬ አያምርም። በገመዱ ዳር ወደ መጨረሻው መስመር ሄድኩ፤ ቆሎ ሻጯ ዘንቢሏን ይዛ ከኋላዬ "ቀስ ይበሉ እማማ" ትላለች፤ ቀስ አላልኩም። ማሳው ላይ ሁለቱም በእግር ነበሩ። ሰማያዊዋ እየለካች ነው የምትረግጠው። የእኔዋ ፈር ለፈር ትዘላለች፤ አንዴ በጉልበቷ ወደቀች፤ ብስክሌቱን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም። ማሳው ሲያልቅ ሰማያዊዋ ጎማዋን ለመጥረግ ጎንበስ አለች። ልጄ ሳትጠርግ ተፈናጠጠች። ጠማማ መሪ እንደያዘች፣ ገላዋን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ ሣሩ ላይ አባረረቻት። የቀረው ሃምሳ ክንድ አይሆንም። ርቀቱ በየፔዳሉ ሲጠብ አየሁ። አጥሩ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ወርደው አብረው ይሮጡ ነበር። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ከነበርኩበት ቦታ ማን እንደቀደመ ለማወቅ አልቻልኩም። ዳኛው ግን ሮጦ መስመሩ ላይ ደርሶ ነበር። የሰማያዊዋን እጅ አነሣ።

በአንድ ጎማ ነው አሉ።

የሞጣ ሕዝብ ልጁን ተሸክሞ ሳይጨርስ ሽማግሌዎቹ መጡ። በሰልፍ ነበር የመጡት፤ ባለጭራው ከፊት።

"ዳኛ" አሉት፣ "ይህ ውጤት አይጸድቅም።"

"ለምን አባቴ? ያሸነፈችው እኮ የእናንተ ልጅ ናት።"

"ቢሆንም። ቀይዋን የጣልናት እኛ ነን።"

"አንድም ሰው አልነካትም። ቆሜ እያየሁ።"

"በሰላምታ ነክተናታል።"

"ሰላምታ በሕጉ ላይ የለም።"

"በሕጉ ላይ ስለሌለማ ነው የወደቀችው" አሉ ባለጭራው።

ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ "አሸንፋለች፣ አለቀ" ይላል። ሌላው "ሽማግሌ አያሳፍሩም" ይላል። ዳኛው ፊቱን በእጁ አሸው። ኮሚቴ የሚባሉት ሰዎች ጎተት አድርገው ወሰዱትና ተማከሩ። ተመልሶ መጥቶ፣ ሁለቱም ወገን ከተስማማ የመጨረሻውን ዙር ለሁለቱ ልጆች ብቻ እንደሚያስደግም ተናገረ። ሰማያዊዋ ውኃ እየጠጣች ነበር። ጠርሙሱን ከአፏ አነሣችና "እደግማለሁ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "እሜቴ፣ እሺ ይበሉ እንጂ" አሉኝ ባለጭራው። "የእርስዎ ቃል ነው የሚጠበቀው።"

ፈልጌ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር።

"የነዳችው እሷ ናት" አልኳቸው። "እሷን ይጠይቁ።"

የልጅ ልጄ ብስክሌቷን ተደግፋ ከንፈሯን በካናቴራዋ ትጠርግ ነበር።

"አልደግምም" አለች።

"ለምን ልጄ?"

"ከደገምኩ አሸንፋለሁ አባባ።"

"ማን አለ?" አለች ሰማያዊዋ።

"እኔ አልኩ። ከዚያ ቢቸና ስገባ ምን ይሉኛል? ሞጣ ሄዳ በሽማግሌ አሸነፈች። ዳቦ ባደረስኩበት ሱቅ ሁሉ ይቺን እየሰማሁ ልኖር ነው? አልፈልግም።"

ዳኛው ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ወረቀቱ ላይ የሞጣዋ ልጅ ስም ተጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ሕዝቡ በየአቅጣጫው መበተን ጀመረ።

መኪናው ከመውጣቱ በፊት ፊቷን እንድትታጠብ ውኃ ፈልጌ ስመለስ፣ ሰማያዊዋ አጠገቧ ቆማለች። ዋንጫውን ለእናቷ ሰጥታ ብስክሌቷን ብቻ ይዛ ነበር የመጣችው።

"ክልል ላይ ሁሉም ይዘላሉ አሉ" አለቻት።

"አዎ፣ ይዘላሉ።"

"እኔ አልችልም።"

"አየሁ።"

"አሳዪኝ።"

የልጅ ልጄ ከእጄ ውኃውን ተቀብላ ፊቷን ታጠበች፤ አፏን ተጉመጠመጠች፤ የተተፋው ቀይ ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች። ብዙ አልነበረም። ሰማያዊዋ ወደ ሌላ ቦታ አየች፤ እኔም ጠርሙሱን ስከድን ቆየሁ። ቀና ስትል፣

"መኪናው ሊወጣ ነው" አልኳት።

"እምዬ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ ነገ እመጣለሁ።"

"የት ታድሪያለሽ?"

"እኛ ቤት ናት የምታድረው እማማ" አለችኝ ሰማያዊዋ። "እናቴ አለች።"

ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ግንዱ ሄዱ። ዋርካው ሥር ወንበሮቹን የሚሰበስብ ሰው ነበር። የልጅ ልጄ ከግንዱ ማዶ ቆመች። ሰማያዊዋ ርቃ ሄዳ፣ ዞራ፣ እየነዳች መጣች። ቁጢጥ አለች። ግንዱ ጋ ስትደርስ ግን እግሯ በራሱ ወረደ።

"እንደገና" አለቻት የልጅ ልጄ።

ሰማያዊዋ ብስክሌቷን አዙራ ወደ ጥምዝምዙ ተመለሰች። እኔ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።